ሁለት ጣት

ሂርማታ፣ ከጫማ ሰፊዎቹ ጀርባ፣
በጠባብ በር ጎንበስ ተብሎ የሚገባ
የተማም ፀጉር ቤት።
ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ ዓመቱ ያለፈበት
የሆላንድ ቀን መቁጠሪያ፤
ላበባ ኩባንያ የሚነዳ ሹፌር በስጦታ ያገኘው፣
አንድ ቀን ሳንቲም አጥሮት ስለ ጢሙ ያስያዘው፣
ተመልሶም ያልወሰደው።
ቀኖቹ ሁሉ አልቀዋል። ሥዕሉ ግን አላለቀም፦

ሰማዩ ሦስት እጅ ወስዶ፣ ለምድር አንድ እጅ ትቶ፣
ደመናው እንደ ባዘቶ ተነድፎ፣ ተዘርግቶ፤
ከሥሩ ተራራ የማያውቅ፣ እንደ ትሪ የተኛ መስክ፣
ሦስት ፈረሰኞች፣ አንድ ጥሩምባ፣ ሰባት ውሾች።
ነጩ ውሻ ከፊት ቀድሟል፤
ካጋዘኑ ቋንጃ ሊደርስ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶታል።
ሦስት መቶ ዓመት ይሆናል አፉን እንደ ከፈተ፤
የተነከሰ የለም፣ የዳነ የለም፣ የሞተ።

አባ ቦራ ሐሙስ ሐሙስ ከጅሬን ወርደው ይመጣሉ፤
ጢማቸው እስኪስተካከል ሥዕሉን ይከሳሉ፦

«የሣለው ሰው እጁ ይባረክ፤ አደን ግን አያውቅም።
ከፈረሶቹ ኋላ የጎጆውን ጭስ እየው፤
ወዳውሬው ነው የሚያዘመው። ነፋሱ ከኋላቸው ነው!
እንኳን ያ ቀንዳሙ፣ እኔ አፍንጫዬ የደነዘዘው
ገና ኮርቻ ሲጭኑ ሸትተውኝ በሄድኩ ነበር።
ደግሞስ ጥሩምባ! አውሬ ነው ወይስ ሠርገኛ የሚጠራ?
ጫማቸው ላይ ጭቃ የለ፤ ጭቃው ይቅር፣ አቧራ።»

ከዚያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ደግሞ፦
«እኛ ጎጀብ ስንወርድ ሰማይ የሚባል አልነበረም።
ከላይ ቅጠል፣ ከታች ቅጠል፤
ጎሹን የምናየው በጆሮ ነው፣ ሲተነፍስ።
እሱም እኛን እንደዚያው።»

ባንዱ ሐሙስ ተማም የኳስ ተጫዋች ፖስተር ገዝቶ
ሆላንድን ሊነቅል ቆመ፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ።
«ቆይ» አሉ አባ ቦራ። ባንድ ጉንጫቸው አረፋ፤
ተጠጉ፣ ትንፋሻቸው ሰማዩን እስኪያርስ ድረስ።
ከቀኝ ጥጉ፣ ከዛፍ ሥር፣ ጥፍር የማያህል ሰው አገኙ፤
ለግርግሩ ጀርባ ሰጥቶ፣
ሁለት ጥንቸል በዱላ አንግቶ
ወደ ቤቱ የሚያዘግም።
«ይሄኛው አድኗል። ጉልበቱን እየው፤ ያመዋል።»
ሣቅን። እሳቸው አልሣቁም።

«ቁረጥልኝ።»
«የቱን?»
«ከውሻው አፍና ካውሬው ቋንጃ መሀል። ቀጥ አድርገህ።»
ተማም ምላጩን በቀበቶው ስሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
በዚያች ሁለት ጣት መሀል አለፈ፣ ደም ሳያፈስ ቆርጦ።
አባ ቦራ አጋዘኑን፣ ባለጥንቸሉን፣ የሰማዩን እኩሌታ
ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ወጡ፤
ግማሽ ጢማቸውን ረስተው፣
አረፋው ፀሐይ ላይ እየደረቀ።

ፖስተሩ ከቁርጡ ጎን ተለጠፈ። አሁን ነጩ ውሻ
ከኳስ ተጫዋቹ ባት ሁለት ጣት ቀርቶታል፤
ደንበኛው ሁሉ ይስቃል።
እኔ ወንበሩ ላይ ስሆን፣ በመስታወቱ በኩል፣
ሩጫው ወደኔ ይመስለኛል።

በሳምንቱ መጡ። አውሬውን የት እንደሰቀሉት
ማንም አልጠየቀ። ግድግዳውን አዩ፣ ጭሱን አዩ።
«ነፋሱ አሁንም ከኋላቸው ነው» አሉ፤
ተቀመጡ፣ ያልተላጨውን ጉንጭ ሰጡ።