ወራጅ አለ?

ባቱሚ ላይ ዝናብ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣
ሳይተነፍስ ጥሎ፣ ሳያምረው ዕረፍት፣
ጥቁር ባሕር ደፍርሶ፣ ሰማይ ተደፍቶበት፣
ቁጥር ዐሥር ሚኒባስ፣ ጉም ለብሶ መስኮቷ፣
ሊዘጋ ሲል በሯ፣ ሲደርስ ሰዓቷ፣
ከሞተሯ በታች አንድ ድምፅ ተሰማ፤
ጩኸት ነው እንዳይሉት፣ አቅም ያጣ ዜማ።

ሹፌሩ ኦቲያ ክዳኑን ከፈተ፣
ክንዱን እስከ ብብቱ ወደ ውስጥ ከተተ፣
ያወጣው ጨርቅ መሰለን፣ ቅባት የጠገበ፤
ጨርቁ አንድ ዓይን ገልጦ እኛን ተመለከተ።

የድመት ግልገል ናት። የኋላ እግሯ የለም፤
አለ እንኳ ቢባል፣ እግር አይመስልም።
ብርድ ሸሽታ ገብታ፣ ሙቀት ነው የበላት።
አይብ ሻጯ ናኑሊ ቅርጫቷን ባዶ አርጋ፣
አይቡን በጉልበቷ ታቅፋ፣ «እዚህ አስተኛት!»

ክሬን ነጂ የነበረው ሽማግሌው ቴንጊዝ፦
«ሰው ሆስፒታል ደጃፍ ወረፋ ይዞ ሲያዝ፣
እኛ ለድመት ልንቆም? ንዳው እንጂ ወንድም!»
ይህን እያለ ነው፣ ሳያስበው ምንም፣
የሱፍ ቆቡን አውልቆ እርሷን የጠቀለለ፤
እየጠቀለላትም መሳደቡን ቀጠለ።

ኦቲያ መሪውን እንደያዘ ዞር አለ፦
«መጠለያው ከወንዙ ማዶ ነው። መስመሬ አይደለም።
የቸኮለ ካለ አሁን ይናገር።
ወራጅ አለ?»

የሙሽራ ሚዜዋ፣ እቅፍ አበባ ይዛ፣
አበባው ላይ አቀርቅራ ዝም አለች፣ ፈዛ።
ከሌሊት ሥራ የወጣች ነርስ፣ ዓይኗ እንደቀላ፣
ሻርፗን ፈትታ፣ «ንዳ! ምን ትጠብቃለህ ሌላ?»

አንድ ሰው ወረደ።
ጃንጥላውን ሲዘረጋ የማንንም ዓይን አላየም።
ጉዳይ ነበረው፤ የማይቀር ጉዳይ፤
ምን እንደነበር ዛሬ ቢጠየቅ አያስታውስም።
ያ ሰው እኔ ነኝ።

ከዚህ ያለው ወሬ ነው፣ ከናኑሊ የሰማሁት፦
ጎማው ጭቃ ሲውጠው ወርደው እንደገፉት፣
ሚዜዋ ጫማ አውልቃ፣ ቴንጊዝ እየተሳደበ፣
«ቦታ የለም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ እንደተነበበ።
ማክቫላ፣ የመጠለያው ሴት፣ ከሰማንያ ውሻ መሀል ወጥታ፣
«ማንበብ አትችሉም?» ብላ፣ ቆቡን ገለጥ አድርጋ አይታ፣
ሌላ ቃል ሳትጨምር መሳቢያዋን ሳበች፤
ደረሰኝ፣ ማኅተም፣ ሁሉን መሬት ደፋች፤
ያንን የበር ወረቀት ገንጥላ አነጠፈችላት፤
ሐኪሙ እስኪመጣ፣ «ቦታ የለም» ሆነ የተኛችበት።

በሳምንቱ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም።
የዓሣ ራስ በከረጢት አንጠልጥዬ
ደጃፉ ላይ ቆምኩ፣ ዕዳ ከፋይ መስዬ።
ሦስት እግሯን ዘርግታ መሳቢያው ውስጥ ተኝታለች፤
አራተኛው የነበረበት ላይ ፋሻ አለ፣
በነርሷ ሻርፕ ቀለም።
«አንተም ከሚኒባሱ ነህ?» አለች ማክቫላ።
«የወረድኩት ነኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤
ከረጢቱን ብቻ ዘረጋሁላት።
ግልገሏ ግን አሸተተችው፣ በላች፣
ማን እንዳመጣው ሳትጠይቅ።

ዛሬም ቁጥር ዐሥር ገበያው ዳር ትቆማለች።
ኦቲያ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት
ክዳኑን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤
ከዚያ ዝም።
አይብ ሻጯ ዝም፤ ተሳዳቢው እንኳ ዝም፤
የጣሪያው ዝናብ ብቻ።
ወራጅ እንዳለ እናዳምጣለን።
እኔም ከኋላ ወንበር፣ የጨመቅኩትን ጃንጥላ ታቅፌ፣
ትንፋሼን ይዤ
አዳምጣለሁ።