ዬ

ቤርሳቤህ በሐምሌ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ማቀዝቀዣው ያስላል፣ አቧራ ነው ሰማይ።
ከግራዬ እናት፣ ከቀኜ ልጅዋ፣
መሐል እኔ አለሁ፣ የቃል አሻጋሪዋ።
እሷ አማርኛ ናት፣ እሱ ዕብራይስጥ ነው፤
ሁለት ዓመት ያጠባችውን ባፌ ነው የምትሰማው።

ኤልያድ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
የመኪና ቁልፍ ያሽከረክራል በጣቱ።
ትርንጎ ናት እናት፤ የሆቴል አንሶላ
ስታጥፍ ኖራለች ጅማቷ እስኪላላ።

ልጁ ተነፈሰ፤ ባንድ ቃል ጨረሰ፤
«አኒ ሆሞ» አለ።
እኔ ጋ ደረሰ።

ሆሞ። ሁለት ፊደል። ኳስ ሜዳ ዳር ሲሏት
ምራቅ አላት፣ ጥርስ አላት።
እሱ ሲላት ግን፣ ደረቱን ነክቶ፣
ስሙን እንደሚናገር እንግዳ ነው፣ ከደጅ ገብቶ።

ምን ብዬ ላሻግር? አፌን ከፍቼ ቆየሁ፣
የአማርኛን ጓዳ በጭንቅ በረበርሁ።
መጀመሪያ እጄ የገባው «ቡሽቲ» ነው፤
ወዲያው መለስሁት።
ሲመታ እንጂ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፣
ቃል ሳይሆን ድንጋይ ነው የነካሁት።

ቀጥሎ የጋዜጣው፣ ቀጥሎ የፍርድ ቤቱ፤
«ግብረ ሰዶማዊ»፣
ካባ ደርቦ ቆሟል፤ ክስ ነው አንጀቱ።
ሌላ ሳጣ ሞከርኩት። ቅንድቧን አነሳች፤
«ሰዶም? ጨው ባሕሩ ጋ?» ብላ ጠየቀች።
«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ባሥር ሰዓት ሌሊት
ሰዶም የሚል አውቶቡስ ነው የተሳፈርኩት፤
ፎጣ አጥቤ፣ አንሶላ አጥፌ ነው ያሳደግሁት።
እኔ ነኝ ሰዶማዊት! እሱን ምን አረጉት?»

ልጁ ሳቀ። ሳቁ መሐሉ ላይ ተሰበረ።

ሦስተኛ ቃል ነበረኝ፤ ከዚያ የመጣ ወጣት
አንድ ቀን በሹክሹክታ ነግሮኝ የያዝኳት፤
«ዜጋ» ይባባላሉ፣ ሰው በሌለበት።
ሰጠኋት።
«ዜጋማ ነው» አለች፤ «መታወቂያ አለው፣
ሦስት ዓመት ወታደር፣ ድንበር የጠበቀው።
እኔን ነው እንጂ ሰባት ዓመት ወረፋ ያቆሙኝ፣
እሱን ማን ጠየቀው?»

ቃል አለቀብኝ። ዝም አልኩ።
በሰዓት ነው የምከፈለው፤ ዝምታም ይታሰባል መሰለኝ።
በመጨረሻ እንደ ሕፃን ተናገርኩ፦
«አንቺ አባቱን እንደወደድሽው፣
እሱም ወንድ ነው የሚወደው።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ቦርሳዋን ዘጋች።
«ያችን ቃል» አለች፣ «ሆሞን አውቃታለሁ።
ደረጃው ሥር ልጆች ሲጠሩት እሰማለሁ፤
የቁልምጫ ስሙ መስላኝ ይዣታለሁ።
አንድ ማታ ራት ቀርቦ፣ ሰገነት ላይ ወጥቼ
'ሆሞዬ! ና ግባ!' አልኩት፣ ጮክ ብዬ ጠርቼ።
ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ አብሬ።
ሰድቤዋለሁ እንዴ? ንገሪኝ እህቴ፣ ዛሬ።

በጎንደር ገበያ 'ፈላሻ' ሲለኝ ሰው
ገላዬ ኩምትር ይል ነበር፣ እሾህ እንደነካው።
ጎረቤቴ ዘውዲቱ ግን፣ እየሳቀች፣
'አንቺ ፈላሻ፣ ማሰሮዬን መቼ ትሰጪኛለሽ?' ስትል፣
እኔም እስቅ ነበር። ማታ ግን እተክዛለሁ።
ከንፈሩ ነው? ቃሉ ነው?
እስካሁን አላወቅሁም፤ አርጅቻለሁ።»

ይህን ሁሉ ለልጇ በዕብራይስጥ አሻገርሁ፤
ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ።
«ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም» አለኝ፤
«ሦስት ቀን በእሷ ተናድጄ፣
ግድግዳ እያየሁ ተኝቼ።»
ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደሷ ዞሮ
አማርኛውን ፈለገ፤ በችግር፣ አቀርቅሮ፤
«ዬ» አለ። «እማ፣ ዬ... እሷ ጥሩ።»

ቅጹ ላይ «የተተረጎመ ጉዳይ» የሚል መስመር አለ፤
ብዕሬ ደረቀ፤ ባዶውን ዋለ።

ደረጃውን ሲወርዱ ድምፅዋ ተሰማኝ፣
በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጧ፦
«ታዲያ ማን ብዬ ልጥራህ?»
መልሱን አልሰማሁም።
የታችኛው በር ተዘጋ፤
ለማሻገር አልተጠራሁም።