ለእናኑ፣ ከመሄድሽ በፊት

ሻንጣው ገና አልተፈታም፤ ደረጃው ሥር ተቀምጧል፣
አንድ እግሩን ፕራግ ጥሎ እንደ አንካሳ ተንጋዷል።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፤ ያነዳል የቅርያት ማላኪ ሐምሌ፣
ዳኜ "ነገ አወጣዋለሁ" ይላል፤ ነገ የሱ ቃል ነው ሁሌ።

"እኛም ለመጪው እረፍት ቲኬት ልንቆርጥ ነው" አልሽኝ፤
"አምስት አገር በአሥር ቀን፤ የምታውቂውን ንገሪኝ።"
እሺ። ወረቀት ያዢ። ስልክሽ ላይ አይደለም፣ ወረቀት፤
የኔ ስልክ ባቡር ውስጥ ሞቶ፣ የሆቴሉ ስም ጠፋ አብሮት።

በመጀመሪያ፣ አምስት አገር አትበይ። ሦስቱም ይበዛል።
ስንት ቤተ መንግሥት፣ ስንት ድልድይ አሳይተነው፣
ኤላድ ለጓደኞቹ ሌት ተቀን የሚያወራው
የቡዳፔስቱን ሆቴል፣ በሩን በእጅ የሚስቡት፣
የሚያቃስት አሮጌ ሊፍት።
አንድ ቀን ሙሉ እሱ ውስጥ ብንተወው ይበቃው ነበር፤
ለሙዚየም የከፈልነው፣ የአምስት ሰው፣ እዚሁ ይቀር።

ከልብስ ግማሹን አውጪ፤ ከቀረው ደግሞ ግማሹን፤
የድንጋዩን መንገድ አላየሽም፣ ጎማ የሚበላውን።
እኔ ያንን ሐር ቀሚሴን፣ ለየትኛው ድግስ እንጃ፣
ከአገር አገር ይዤው ዞርኩ፣ እንደ ባለ ዕዳ መያዣ።

ጣሊያን ቲኬት መግዛት አይበቃም፤ ግድግዳው ላይ ሳጥን አለ፣
አስነክሺው። አለዚያ ሌባ ነሽ፣ ቲኬቱ እጅሽ ላይ እያለ።
ዳኜ በዕብራይስጥ ተቆጣ፣ በአማርኛ ማለ፣
ሰውየው በጣሊያንኛ ጻፈ። ዳኜም ከፈለ።

ቪየና እሑድ ሱቅ የለም። እኛ እሑድን ሥራ ለምደን፣
ቅዳሜ ሰንበታችንን እጅ አጣጥፈን አክብረን፣
በማግስቱ ከተማው ጥርቅም! ሁለት ሰንበት አገኘን፣
በአንድ ጣሳ ቱና ዋልን፣ አምስት ሆነን።
ዓርብ ግዢ። ከሥሩ አስምሪበት።

ሳንቲም አትናቂ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ብረት ቆሟል፤
ሃምሳ ሳንቲም ካላጎረሱት እንኳን አንቺን ንጉሥ ይመልሳል።

በአራተኛው ቀን ደግሞ ከባልሽ ትጣያለሽ፤ አይቀርም።
ካርታውን ለልጅ ስጪ። ባል "ጠፋን" ማለት አይሆንለትም።

አሁን እስክሪብቶውን አስቀምጪ። ይሄ የአማቼ የአባባ ሙጬ ነው።
(እናትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ አይደል? እንግዲያው ስሚው።)

ከቪየና ወደ ፕራግ፣ በማታው ባቡር ስንሄድ፣
ልጆቹ ተኝተው፣ መስኮቱ ጠቁሮ፣ ሐዲዱ ብቻ ሲነጉድ፣
አባባ ጫማቸውን አላወለቁም።
እጃቸው ደረት ኪሳቸው ላይ፤ ፓስፖርቱን አልለቀቁም።
"የት ነው?" አሉኝ።
"ምኑ?"
"ድንበሩ።"
"አልፈነዋል፣ አባባ። አንድ ሰዓት ሆነው።"
"ማን አሳለፈን?"
ምን ልበላቸው?

የሱዳንን በረሃ በእግራቸው የቆረጡ ሰው ናቸው፤
በአንድ ጀሪካን ውኃ፣ ቀን ቀን ተደብቀው፤
ድንበር ማለት ለሳቸው የእህታቸው መቃብር ነው፣
ምልክት የሌለው።

ፓስፖርቱን አወጡ። አንድ የቡዳፔስት ማኅተም፣ ከሱ ወዲያ ነጭ።
ገለጡ፣ ገለጡ፤ የጎደለ ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው።
ፕራግ ስንወርድ ጉልበታቸው ከዳቸው፤
ሻንጣውን ለቅቄ እሳቸውን ያዝኩ።
ጎማው የተሰበረው ያኔ ነው።

እናም እናትሽን በመስኮት በኩል አስቀምጫት።
ስልክሽ ላይ ካርታውን እያየሽ፣ ልክ እዚያ ስትደርሱ ቀስቅሻት፤
"ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው" በያት።
ምንም ባይኖር ዛፍ አሳያት።
ከጨለመ ደግሞ፣ ጨለማውን።

ቆይ፣ ዳኜ መጣ። ዛሬ ነገ ሆነለት መሰል፤
ስልኩን ልዝጋው፣ ሻንጣውን ልያዝለት በአንድ በኩል።