የሦስተኛው ጣቢያ ሌሊት

ከወንዙ መታጠፊያ፣ ከትምህርት ቤቱ ኋላ፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ሲሞላ፣
ኡድቬግ በርሜል ትጥዳለች።
በረዶ ትጨምራለች፣ ታቀልጣለች፣ ደግሞ ትጨምራለች፤
አንድ በርሜል በረዶ ቀልጦ ሲያበቃ
የሚተርፈው ውሃ ሩቡ ነው፣ በቃ።

የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመቷ፣
በየመጋቢቱ ይኸው ነው ክብረ በዓልና ሰንበቷ።
ደመወዝ የለውም፤ ብርቱካንማ ሰደርያ ብቻ፣
የሾርባ ቲኬት ሁለት፣ ጓንትም አለ፣ ያውም የግራው ለብቻ።

ቡድን ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ የለም፤
ብርሃን ናት የምትቀድም፣
ከቁጥቋጦው መሀል አንዲት ነጥብ፣ ሰው ግንባር ላይ የታሰረች፣
ስትጠፋ፣ ስትወጣ፣ ወዲያ ወዲህ ስትል ቀረበች።
«መጡ!» ይላል አስላክ፣ ሰዓት መዝጋቢው።
እርሳስ ነው የሚጽፍበት፤ ቀለም በዚህ ብርድ ስለሚረጋ፣
እርሳሱንም ከልማድ ብብቱ ሥር ያሳድራል እስኪነጋ።

ከዚያ ሁሉም ይጣደፋል፣ ሳይሮጥ፤
ውሻ መሀል አይሮጥም፣ የደከመ ልብ እንዳይደነግጥ።
አንዱ ገመድ ይይዛል፣ አንዱ ጭድ ይበትናል፣
የሐኪሟ የሪስተን እጅ እግር በእግር፣ ጣት በጣት ይዳስሳል።
አሥራ አራት ውሻ፣ ሃምሳ ስድስት እግር፣
ሃምሳ ስድስት ትንንሽ ካልሲ፣ ከበረዶ ጋር የተጋገረ፤
ኡድቬግ ታወልቃለች፣ ትቆጥራለች፣
ሃምሳ አምስት ሲመጣባት ከአንድ ትነሣለች።

ጋዜጠኛው ካሜራውን ደቅኖ
«እባክሽ፣ ከፊት ዞር በይ» አላት።
ዞር አለች፣ ከነባልዲዋ።
አሸናፊው ማን እንደሆነ ጠይቋት፣ አታውቅም፤
የስንቱ ውሻ መዳፍ እንደተሰነጠቀ ግን አትስትም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃልግሪም አንዷን ፈታት፤
ካኔል፣ ቀረፋ ማለት ነው በእነሱ አፍ፣ የስድስት ክረምት መሪያቸው ናት።
የቀኝ ትከሻዋ አብጧል። ወረቀቱን ፈረመ፤
አንገቷ ሥር ፊቱን ቀብሮ ጥቂት ቆመ፣
ከዚያ ተነሥቶ ለኡድቬግ ገመዱን ሰጣት፤
«ጆሮዋን ሲነኳት አትወድም»፣ ይህን ብቻ አላት።

ተረቱ ምን ነበር? ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ፤
እዚህ ግን የሚሄዱት ውሾቹ ናቸው፣ ሲሄዱም ዝም ይላሉ።
የምትጮኸው የቀረችው ናት።
ጮኸች ካኔል፣ ሰንሰለቷን እስከ ጫፉ ወጥራ፣
በወንዙ ላይ የምታንሰውን መብራት በዐይኗ አሻግራ።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤
እሷ ሳትበላ ጮኸች፣
የቀረበላትን ሥጋ እንኳ አላሸተተች።

ኡድቬግ ምን ትበላት? የምትለው የላትም።
ጆሮዋን አልነካቻትም።
ጭዱ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣
ያበጠውን ትከሻ በዘይት አሸች፣ በሁለት አውራ ጣት፣ በጸጥታ።
የራሷም ትከሻ ያማታል፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት የዓሣ ሣጥን ያነሣ አጥንት መጋቢትን ያውቃታል።

ሲነጋ ሜዳው ባዶ ነው። ውሾቹ የተኙበት
ጭዱ ሁሉ ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳ፣
አፍንጫ ከጅራት ሥር ተሸሽጎ ያደረበት፣
የገላ ሙቀት በረዶውን አቅልጦ ሳህን የሠራበት።
ጭዱን በመንሽ፣ ኩሱን በአካፋ፣
የተበጠሰ ማሰሪያ፣ የስብ ቁራጭ፣
አንድ ቀይ ካልሲ (ሃምሳ ስድስተኛው!)
ሰበሰበች። ሕጉ እንዲያ ነው፤
ማንም እንዳላደረበት ሆኖ ይቅር ሜዳው።

አስላክ መዝገቡን አየ፤ አንድ መስመር ባዶ፣ ቁጥር ሃያ ሰባት።
«ተራራው ላይ ነፋስ ይዟት ይሆናል። ትተው ይሆናል። ድፊውና እንሂድ» አላት።

ከበሩ ኋላ አንድ እስር ጭድ ደብቃ ነበር፤
አስላክ አይቷል፣ ያላየ መስሏል።

አልመለሰችለትም። በረዶ ጨመረች።
ካኔል ከተኛችበት ቀና አለች፤
ማንም ያልነካውን ጆሮዋን
ወደ ወንዙ አቆመች።