የተፋቀ ቁጥር

ሰኞ ነበር። ከቀሃ ማዶ፣ አምስተኛ «ለ»፣
ስልሳ ሁለት ልጅ፣ ሃያ ዴስክ፣ መስኮቱ መስታወት የጎደለ።
በጎደለው በኩል የግንቡ ጫፍ ይታያል፣
ደመና ሲጫነው እሱም እንደ ተማሪ አንገቱን ይደፋል።

ደክሞኝ ነበር፤ ሌሊቱን ፈተና ሳርም አንግቼ፣
ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ ጠመኔ አንስቼ።
ማንም ቀና አላለ።
ስልሳ ሁለት እስክሪብቶ ስህተቴን ኮረጀ።
«ገባችሁ?»
«አዎ፣ መምህር!»
ቆርቆሮው ጮኸ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን ደብተር ሳገላብጥ፣
የባንቺአምላክ ገጽ ላይ ጣቴ ገባ ቀዳዳ ውስጥ።
በምራቅ አርሳ፣ በላጲስ ፍቃ፣ ወረቀቱን በስታዋለች፣
ከቀዳዳው ጎን የኔን ሃምሳ አራት አሳምራ ጽፋለች።
ገጹን ገለጥኩት። ከሥሩ ባለው ባዶ ወረቀት፣
ቀለም የሌለው፣ የእስክሪብቶ ጫና ብቻ የተወው ምልክት።
ብርሃኑን አጋድሜ አየሁት፤
ሃምሳ ስድስት።

አጎቴ ብራና ፋቂ ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤
«የሚፋቀው ሊጻፍበት ነው» ይላል።
እኔ ግን የተጻፈውን አስፍቄ
በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ልላት ነበር፣ ስህተቴን አጽድቄ።

ማክሰኞ በረፍት ጠራኋት። ነጠላ ጫማዋን አየች።
«ለምን ፋቅሽው?»
«ሰሌዳው ላይ የለም።»
«ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ገበያ ትወጫለሽ አይደል?»
«እንቁላል እንሸጣለን።»
«ሰባት ሰሃን፣ በየሰሃኑ ስምንት ቢሆን?»
«ሃምሳ ስድስት።» እንደ ማስነጠስ አመለጣት።
«ሃምሳ አራት ነው የሚል ገዢ ቢመጣስ?»
«እንደገና እንቁጠር እለዋለሁ።»
«እዚህስ?»
ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀር፣
«እዚህ እኮ» አለች፣ «መምህር ነው የሚቆጥር።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው አሳደጉኝ፤
እኔም አሳደግሁበት፤ አስራ አንድ ዓመት ጸጥ ያለ ክፍል አስመሰገነኝ።
ዝንቡስ አልገባም፣ እውነት ነው፤
የታፈነው ምን እንደሆነ ግን ማን ጠየቀው?

ረቡዕ ያንኑ ስህተት ደግሜ ጻፍኩና ቆምኩኝ።
ቆምኩኝ። ባጃጅ አለፈ። አንዱ ሳለ።
«ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ፣ «ግን ስልሳ ሁለት ሰው ፈርሞበታል።
ማን ይቆጥርልኛል?»
ጠጠር አመጡ፣ የቆርኪ ክምር፣
ባንቺአምላክ ከኋላ ወጣች፣ ጣቷን ዘርግታ ልትቆጥር።
እጇ ይንቀጠቀጣል። የኔም።

አሁን? አሁንማ አላስቀምጥ ብለውኛል!
ቀኑን ብሳሳት ያርሙኛል፣ መጽሐፉን ብጠቅስ «መጽሐፉስ ማን ነገረው?» ይሉኛል።
ርዕሰ መምህሩ አቶ ማንደፍሮ በር ላይ ቆሞ፣
«ይሄ ክፍል ነው አራዳ ገበያ?» ይላል፣ ግንባሩን አኮማትሮ።
«ገበያ ነው» አልኩት አንድ ቀን፤ ሳይስቅ ሄደ።

ትናንት ጓዴ፣ ያ እንቅልፋሙ፣ እጁን አወጣ፦
«በዜሮ ማካፈል ማን ከለከለ? ብናካፍል ምን ይመጣ?»
ደንቡን አውቀዋለሁ። ምክንያቱን ፈለግሁት፤ የለም።
«አላውቅም» ማለት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤
ካለፈ በኋላ ግን አየር ይገባል።
«አላውቅም፣ ጓዴ። እንሞክረው» አልኩ።

ሰሌዳው ሞላ። ቁጥር በቁጥር ላይ፣ የሰው ሁሉ እጅ ጽሑፍ።
ደወል ተደወለ። ማጥፊያውን አነሳሁ።
«ላጥፋው?» አልኳቸው።

«ገና ነው።»