የስእለቱ ጋን

የኤሊዝባር ወይን፥ ካላዛኒ ማዶ፥
ቅጠሉ ለምልሞ፥ ሐረጉ ተጋምዶ፥
መንገደኛ ሁሉ ያደንቅለት ነበር።
እኔ ግን አውቃለሁ የጓሮውን ነገር።
መቀስ ሲሰነዘር «ተው፥ ያምራል» ይላል፤
ጥላው በሰፋ ልክ ዘለላው ያንሳል።

አባቱ ሲሞቱ አንድ ጋን ትተዋል፤
«የፊቱ ጭማቂ ለዚህ ነው» ብለዋል፤
እስካንገቱ ድረስ ምድር ውስጥ የገባ፥
ማንም የማይቀምሰው፥ የጊዮርጊስ መባ።
እሱም አላጎደለ፤ በየዓመቱ ሞላ፥
ለገበያ ያልሆነ የመጨረሻ አተላ።
በጭቃ መረገው፥ ድንጋይ ጫነበት፥
ከላዩ ዳዊቱን ቆሞ ደገመበት።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፥ በጊዮርጊስ ዕለት፥
ጋኑ ተከፈተ፥ ሕዝብ በቆመበት።
ቄስ ስፒሪዶን ቀመሱ፤ ቃል አልተናገሩ፤
ጽዋውን ዘቅዝቀው አፈሰሱት ከሣሩ።
ኮምጣጤ።
አንዲት ሕፃን ብቻ አፍንጫዋን ያዘች፤
እናቷ እጇን መትታ፥ ራሷ አቀረቀረች።

ማታ በሬን መታ። «ና፥ ፋኖስ ያዝልኝ፤
እኔ እገባበታለሁ፤ ስፍቀው አንተ እይልኝ።»
በጠባቡ አፍ ገባ፥ በስልሳ ዓመቱ ጎንብሶ፥
የዛፍ ልጥ መፋቂያ ይዞ፥ እንደ ሕፃን አንሶ።

ለቆመ ጋን ጠጠር ደጋፊ ነው፥ ጠባቂ፤
ለተቀበረው ግን ማን ይሁነው ጠያቂ?

ያገራችን ደንብ ነው፤ ጋን የሚያጥብ ሁሉ፥
«ጠራ» ስላለ አይበቃም፥ አይታመን ቃሉ፤
እጣቢው ይቀዳል፥ ሌላ ሰው ይጠጣል፥
ከዚያ ወዲያ ብቻ ጋን ለወይን ይበቃል።

ጠጣሁ። ተፋሁ። «ገና።»
ወረደ እንደገና።
«የዳሬጃንን ድርሻ፥ የመበለቷን፥ እኔ ነኝ የሸጥኩት።»
«ከታችም አለ፥ ፋቀው።»
                    «በወንድሜ ላይ… የማልኩት።»

ሁለተኛ ጠጣሁ። ሦስተኛ። አራተኛ።
ዶሮ ሲጮኽ ውሃው ውሃ ሆነ። እኛ
ጋኑ አፍ ላይ ተቀመጥን፥ ሁለት እርጥብ ጓደኛ።

ወይኑ ገና ሩቅ ነው፤ ሐረጉ ፍሬ አላዘለም፤
ጋኑም አፉን ከፍቶ ከመጠበቅ በቀር የሚለው የለም።
ኤሊዝባር መቀሱን ከግድግዳው አወረደ፤
ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፥ ዝም ብሎ ወደ ወይኑ ሄደ።

ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፥ ጣዕሙ ካፌ ሳይጠፋ፤
ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ሲገፈፍ፥ ሲገፋ።
እኔም ጓሮ ጋን አለኝ፤ ሣር ሸፍኖታል አፉን።
«ኤሊዝባር!» አልኩ ዞሬ፤ «አታጥፋ ፋኖሱን።»