የስልሳ ሳንቲ ጥላ

ሜትር በቦርሳዬ ይዤ፣ ፀሐይ ሳትበረታ መጣሁ፣
ከዚራን በዛፉ ጥላ፣ በለገሃር ጀርባ ወጣሁ።
ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም፣ ሰፌድ የሚያህል ፊደል፣
«ይፈርሳል» ይላል። የኔ ዕጣ
መለካት ነው፤ የሌላው፣ መጣል።
ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ስንት ገልባጭ መኪና አፈር፣
ስንት ቀን ለዶዘር እንደሚበቃ፣
ጽፌ፣ ፈርሜ፣
ለምሳ ልመለስ ነበር።

ጉሌድ የሚሉት ዘበኛ፣ ቁልፉን በሽርጡ ቋጥሮ፣
በሩን ተደግፎ ቆየኝ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ።
«'እስክመለስ ጠብቅ' ብሎ፣ አለቃዬ ቁልፍ ሰጠኝ፣
እሱም ቀረ፣ ባቡሩም፤ ቃሉ ግን ከዚህ ጎለተኝ።
ደመወዝ?»
ሳቀ።
«እሱንም አለቃዬ ይዞት ሄዷል፤
ሲመጣ አብሮት ይመጣል።»

በሩ ጮኸ። ገባን።
ውጭ ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ አስፋልቱ ጫማ ይነክሳል፣
ውስጥ ግን ከካቻምና የቀረ፣ የሌሊት አየር ይነፍሳል።
ለካሁት፤ ስልሳ ሳንቲ ነው፣ የግድግዳው ውፍረት፣
ቢሮዬ ያለው ቬንትሌተር፣
ዕድሜ ልኩን ቢሽከረከር አይደርስበት።

«ይኸ ጥቁሩ» አለኝ ጉሌድ፣ ወለሉን በሸበጡ እየፋቀ፣
«የባቡር ቅባት ነው፤ ስንቱን ክረምት ታጥቦ ያልለቀቀ።
ሰባት የከሰል ጭረት አየሽ? ደቻቱ የሞላ ለታ፣
ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት፣ እዚህ ገብቶ ቆጠረ፣ በየማታ።
ሕፃኑ ጆንያ ላይ ተኛ፣ አራሷ ከሚዛኑ ሥር፤
መጋዘን ትላላችሁ በወረቀት፤
እኔ የማውቀው፣ ለሰባት ሌሊት
ቤት እንደነበር።»

ቅጹ «ይፈርሳል» ብቻ ያውቃል፤ ለ«ይሰንብት» ቦታ የለው፣
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት በእርሳስ፣ አለቃዬ በዓይኑ ገላመጠው።
ሁለት በጋ ተጨቃጨቅን።
«ፎቅ ይውጣበት በመስታወት» ያለ ነበር፣ «ሆቴል ይሁን» ባይ፤
በድሬ ፀሐይ መስታወት፣ ሰው ልንጠብስ ነው ወይ?

ሙሜ ቦሩ የሚባል ግንበኛ፣ ከመልካ ጀብዱ ተፈልጎ፣
ኖራ በጉድጓድ አስተኛ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ እንደ ሊጥ አድርጎ፤
«አርባ ቀን አትንኩት» አለ፣ «አራስ ነው፣ ይተኛ ዝም»፤
በአርባ አንደኛው ቀን ቢከፍተው፣
እርጎ ነው፣ ጓል የለውም።

ከአፈተኢሳ ሴቶች መጡ፣ ሲንጀር በጋሪ ጭነው፣
ቡና ይመዘን የነበረበት ጥግ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ ነው የሚሰፋው።
ደረሰኝ ይቀበሉባት የነበረች፣ ያቺ የብረት መስኮት፣
ልጆች በእግር ጣት ቆመው፣ መጽሐፍ ይዋሱባታል ከጠዋት።
ጉሌድም ደመወዝ አለው። ቁልፉን ግን አልሰጠም፤
«አለቃዬ ቢመጣስ?» ይላል፤
ማንም አይስቅም።

በምረቃው ዋዜማ፣ ፕላኑን በረንዳው ላይ ዘርግቼ ሳሳይ፣
ኒሞ፣ ከቅስቱ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሻይ ያፈላች፣
ብርጭቆ እያለቀለቀች፣
ጎንበስ ብላ አየች፤ ጣቷን በመስመሩ ነዳች።
«ይኸ በሩ። ይኸ ዛፉ። ዛፉንስ አልረሳችሁትም።
እኔ የታለሁ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም።
ቀለም ሲታደስ ኪራይም ይታደሳል፤ ይኸን ማን ያጣዋል?
ድንጋዩን ለማዳን ሮጠን፣
ጥላው ሥር የኖረውን ማን ያድነዋል?

እርሳሴን ልሼ ከቅስቱ ሥር፣ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳልኩ፣
አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር፤
በርጩማዋን ከነምድጃዋ ለክቼ አኖርኩ።
ነገ ማኅተም ይመታበታል፤
እርሳስ ማኅተም ይችል እንደሁ አላውቅም።
ኒሞ አይታ፣ ብርጭቆዬን ሞልታ፣
«ስልሳ ሳንቲ ጨምሪልኝ» አለች፤
«ደንበኛዬ ቁጭ የሚልበትም።»